የነጭ ሽንኩርትና የቅርንፉድ ዘይት መርጫ አሜሪካ ውስጥ ለመሸጥ

ከነጭ ሽንኩርትና ከቅርንፉድ ዘይት የሠራሽውን የክሽክሽ (የአትክልት ጥቃቅን ተባይ) መርጫ ያለ ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ምዝገባ መሸጥ ትችይ እንደሆነ ጠይቀሽ ነበር። አዎ፣ ትችያለሽ። ነጭ ሽንኩርትም የቅርንፉድ ዘይትም የፌዴራሉ ፀረ-ተባይ ሕግ «አነስተኛ አደጋ» ብሎ ነፃ ካደረጋቸው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ግን፦

1. የምትቀላቅይው ሌላው ነገር ሁሉ፣ ሳሙናው ሳይቀር፣ ከተፈቀዱት መሆን አለበት።
2. ሌብሉ ላይ ንጥረ ነገሮቹ በሙሉ፣ የዋናዎቹ (ተባዩን የሚገድሉት ወይም የሚያባርሩት) ፐርሰንት በክብደት፣ የድርጅትሽ ስም፣ አድራሻና ስልክ ይጻፍ።
3. «ወባ ይከላከላል» ዓይነት፣ ስለ ሰው በሽታ የሚናገር ነገር እንዳትጽፊ።

የኒም ዘይትም አትጨምሪ። ተፈጥሯዊ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የለም።

እኔን ጉድ የሠራኝ ስቴቱ ነው። ከፌዴራል ነፃ ነኝ ብዬ ሌብል አሳተምኩ፤ ስቴቱ ለብቻው ምዝገባና ክፍያ ጠየቀኝ። ብዙ ስቴቶች እንደዚያ ናቸው። ሳታሳትሚ በፊት የስቴትሽ ግብርና ቢሮ ደውይ።