ጉግል ስለረታ እኔም እረታለሁ?

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር ፕሮግራመር ነኝ። ቀድሞ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ተቀጥሬ የመድኃኒት ቤት ሲስተም እሠራ ነበር። ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ለፒያሳና ለኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች የራሴን ሲስተም ሸጥኩ። ደንበኞች መረጃቸውን በቀላሉ እንዲያዛውሩ ብዬ የድሮውን ሲስተም የኤፒአይ ስሞች፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ሲስተሙን የሚጠሩባቸውን ስሞች፣ እንዳሉ ወሰድኩ፤ የውስጡን ኮድ ግን ራሴ ጻፍኩት። አሁን «ፓተንታችንንና የቅጂ መብታችንን ስለጣስክ በ15 ቀን አቁም» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጉግል ኦራክልን በዚሁ ነገር ረትቶ የለም ወይ?

መልስ፦ ረትቷል፤ በዚያ ፍርድ ግን አይተማመኑ። ጉግል ለአንድሮይድ ሲል የኦራክል ከሆነው ጃቫ ከተባለ የፕሮግራም ቋንቋ 11,500 ያህል የኤፒአይ ኮድ መስመሮች ወሰደ፤ ኦራክል በ2010 እ.ኤ.አ. ከሰሰ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ለጉግል 6 ለ 2 ፈረደ። ፍርድ ቤቱ ኤፒአይ በቅጂ መብት አይጠበቅም አላለም። ቢጠበቅ እንኳ አጠቃቀሙ ፍትሐዊ ነው ብሎ አለፈ። የእኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲህ ያለ ሰፊ መከላከያ የለውም፤ የተፈቀዱትን አጠቃቀሞች አንድ በአንድ ነው የሚዘረዝረው። የእርስዎ ጋሻ ሌላ ቦታ ነው፦ አንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ የአሠራር ዘዴንና ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። ስሞቹ የአሠራር ዘዴ ናቸው ብለው መከራከር ይችላሉ።

ፓተንቱ አያስፈራዎት። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች መድቦታል፤ የውጭ አገር ፓተንት ደግሞ ደሴ ላይ አይሠራም። የምዝገባ ቁጥሩን በጽሑፍ ይጠይቁና በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣሩ።

እኔን የሚያሳስበኝ የቅጥር ውልዎ ነው። በቅጥር ላይ የተሠራ ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ላይ ይንጠለጠላል፦ የመጀመሪያውን መስመር የጻፉት ከመልቀቅዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጊት ታሪክዎ፣ ማለትም የኮድዎን ለውጥ በየቀኑ የሚመዘግበው መዝገብ፣ ይህን ያሳያል፤ አንዲት ፋይል እንኳ አያጥፉ። ብዙ ሰው ደንግጦ ያጠፋል፣ በዚያው ነፃ የሚያወጣውን ማስረጃ ያጣል። የድሮ ድርጅትዎ ኮድ በላፕቶፕዎ ካለ ሳይነኩት ጠበቃ ያሳዩ። ባለሙያ ሁለቱን ኮዶች ሲያመሳክር መጀመሪያ የሚፈልገው የተመሳሰለ የፊደል ስህተትና የተመሳሰለ የኮድ ውስጥ ማስታወሻ ነው። ሁለት ሰው አንዱን ቃል በአጋጣሚ በአንድ ዓይነት ስህተት መጻፉን ዳኛ እንዲቀበል ማድረግ ከባድ ነው።

15 ቀኑ ሳያልቅ አጭር መልስ ይጻፉ፦ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር፣ የትኛው ፓተንት? «ስሞቹን ብቻ ነው የወሰድኩት» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ አያስገቡ። መጥሪያ ከደረሰዎት ደግሞ መቅረትዎ ጉዳዩ በሌሉበት እንዲታይ ያደርጋል።

እስከዚያው ስሞቹን ይቀይሩ። የሽያጭና የክምችት መረጃው የመድኃኒት ቤቶቹ እንጂ የሲስተሙ ሻጭ አይደለም፤ ከድሮው ሲስተም በኤክሴል አውጥተው ይስጡዎት፣ እርስዎም ከዚያ ያስገቡት።