ለለጋ እንቁራሪቶች ጊዜያዊ ቤት፦ ከጅማ አንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች

ክረምቱ ገብቶ የአዌቱ ዳርና የቦዬ ረግረግ ማታ ማታ በእንቁራሪት ድምፅ ሲሞላ፣ የአንባቢያን ጥያቄዎችም ወደዚያው ማዘንበላቸው አልቀረም። ለአምስቱ እነሆ መልስ።

ጥያቄ፦ የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች ከኩሬ አምጥተው ያሳደጓቸው የእንቁራሪት እጮች እግር አውጥተዋል። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች የሚኖሩትን ባለደማቅ ቀለም መርዛማ እንቁራሪቶች የሚያረቡ ሰዎች፣ ለለጋዎቹ ጊዜያዊ ቤት እንደሚሠሩላቸው አንብቤያለሁ። ለእኛዎቹም ይሆናል? (መምህር፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ ይሆናል፤ እንዲያውም ከዚያ የሚቀል ነገር የለውም። ክዳን ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል የፕላስቲክ ዕቃ ለሁለት ወይም ለሦስት ለጋ እንቁራሪቶች ይበቃል። ዕቃውን ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ ሶፍት አርሰውና ጨመቅ አድርገው ከሥሩ ያንጥፉ። በአንድ ወገን ከሥሩ ትንሽ ነገር ደግፈው ዕቃውን ካዘነበሉት፣ በታችኛው ጥግ ጣት የማያሰጥም ውሃ ይጠራቀማል፤ ጭራው ያላለቀ እንቁራሪት ከውሃው ወደ እርጥቡ ወረቀት እየተሳበ የሚወጣው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው። ጥልቅ ውሃና ቀጥ ያለ ግድግዳ ከገጠመው፣ እጭ ሳለ በውሃ ውስጥ ሲተነፍስ የኖረው ፍጡር ሰጥሞ ይሞታል። ለመደበቂያ የደረቀ የኮባ ቅጠል ቁራጭ ይጨምሩለት። ክዳኑን በጋለ መርፌ ጥቂት ቦታ ብቻ ይብሱት፤ ቀዳዳው ከበዛ እርጥበቱ ያመልጣል፣ ከሰፋ ደግሞ እንቁራሪቱ ራሱ ያመልጣል። ከሁሉም በላይ ዕቃውን ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር አያኑሩት፤ የተከደነ ፕላስቲክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል።

ቤቱን ለማሳመር አይቸኩሉ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሞክር ድንጋይና ተክል ሞልቼበት፣ በሦስተኛው ቀን እንቁራሪቶቹን ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ባዶ የሚመስለው ነጭ ወረቀት ጥቅሙ ኩሱን ማሳየቱ ነው፤ ኩስ ካለ በልቷል ማለት ነው። ወረቀቱን በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይቀይሩ።

የአሜሪካዎቹ እንቁራሪቶች ከ22 እስከ 27 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትና ከ80 በመቶ የማያንስ የአየር እርጥበት ይፈልጋሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጠው የጅማ ከፍታ ሌሊቱ ለእነርሱ ይቀዘቅዛል። የአዌቱ እንቁራሪት ግን የተወለደው በዚሁ አየር ነውና ማሞቂያ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ይጎዳቸዋል? (ከጅሬን)

መልስ፦ እንቁራሪት ውሃን የሚወስደው በአፉ ሳይሆን በቆዳው ስለሆነ፣ በውሃው ያለው ክሎሪን በቀጥታ ያገኘዋል። ውሃውን አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ሳይከድኑ 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይተናል።

ጥያቄ፦ የእኔዎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልበሉም፤ ሊሞቱ ይሆን? (ከቆጪ)

መልስ፦ ጭራቸው አልቋል? ካላለቀ አይጨነቁ፤ አፋቸው ከእጭ ወደ እንቁራሪት አፍ በሚለወጥበት በዚህ ጊዜ ሰውነታቸው ጭራውን ራሱን እየመጠጠ ይቆያል። ጭራው ካለቀ በኋላ ግን የሚንቀሳቀስና ከአፋቸው የማይበልጥ ምግብ ይፈልጋሉ፤ የሞተ ዝንብ ዞር ብለውም አያዩትም። በጣም የበሰለ ሙዝ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ጨምረው አፉን ከፍተው ቢተዉት የፍራፍሬ ዝንቦች ይሰበሰቡበታል። ከረጠበ የቅጠል ብስባሽ ሥር የሚፈናጠሩት ጥቃቅን ነፍሳትም ጥሩ ናቸው፤ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ ግን ምንም አያምጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ እነዚያን ባለቀለም እንቁራሪቶች በቪዲዮ አይቶ ካልገዛሽልኝ ይለኛል። መርዛቸው አይገድልም? (እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ መርዙን የሚያገኙት በዱር ከሚበሏቸው ጉንዳኖችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ስለሆነ፣ በሰው ቤት ተወልደው በፍራፍሬ ዝንብ ያደጉት መርዝ የላቸውም። ከ200 ገደማ ዝርያዎችም የኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች በአፍ በሚነፋ ቱቦ ለሚያስወነጭፉት ፍላጻ መርዝ የሚወስዱት ከጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ወርቃማው እንቁራሪት ለሳይንስ የተገለጸው በ1978 እ.ኤ.አ. ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ ንግዳቸው በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር የማያልፉ እንስሳት ናቸውና ልጅዎን ወደ አዌቱ ዳር ቢወስዱት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሲያድጉ ቦዬ ብንለቃቸውስ? (የክበቡ ተማሪዎች)

መልስ፦ አይሆንም፤ ከተወሰዱበት ከዚያው ኩሬ ይመለሱ። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የሚጨርሰው የቆዳ ፈንገስ በ1999 እ.ኤ.አ. የተሰየመው በዋሽንግተን መካነ አራዊት ከሞተ ሰማያዊ መርዛማ እንቁራሪት ተለይቶ ነው። ይህ ፈንገስ በአገራችንም ተገኝቷል፤ በእርጥብ እንስሳና በእርጥብ ዕቃ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይዛመታል። የተጠቀማችሁበትን ውሃም አዌቱ ውስጥ ሳይሆን ከማንኛውም ኩሬ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ድፉት፤ ዕቃውንም በበረኪና አጥባችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።