ጠቅልሎ ለሚሄድ ሰው ቀረጥ አለበት ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው፣ ዘመኔን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ካናዳ ያለችው ልጄ ስፖንሰር አድርጋን ለኔም ለባለቤቴም የቋሚ ነዋሪነቱ ወረቀት ወጥቶልናል አልሐምዱሊላህ፣ የምንገባው ኤድመንተን ነው። የጨነቀኝ የእቃው ነገር ነው። የእናቴ ስፌቶች ግድግዳው ሙሉ ናቸው፣ የወርቅና የብር ጌጥ አለኝ፣ ከነሱ ጋ አንድ የዝሆን ጥርስ አምባር አለ፣ የባለቤቴ አያት ያወረሱት በእጅ የተጻፈ ቁርኣን አለ፣ ከዛ ደሞ ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። አንዱ ጎረቤት ካናዳ ለወርቅ የዋጋውን ግማሽ ትቀበላለች ይለኛል፣ አንዷ ደሞ ምንም ሳትናገሪ ዝም ብለሽ ግቢ ትላለች። የቱን ልስማ?
የጡረታ መምህርት፣ ሐረር

መልስ፦ እትዬ፣ ሁለቱንም አይስሙ፣ በተለይ ዝም ብለሽ ግቢ ያለችዎትን። ካናዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኑር ብሎ ጠቅልሎ የሚገባ ሰው የግልና የቤት እቃውን ያለቀረጥ ነው የሚያስገባው፣ ወርቁም ብሩም እዛ ውስጥ ነው። ግን እቃው የራስዎ መሆን አለበት፣ በእጅዎ የነበረ መሆን አለበት፣ ካናዳ ከመግባትዎ በፊትም የተጠቀሙበት መሆን አለበት። ሰው የሚያዘው እዚች የመጨረሻዋ ላይ ነው፣ ለጉዞው ብሎ አዲስ ነገር ገዝቶ ካርቶኑን ሳይከፍት ይዞ ይሄድና የቤት እቃዬ ነው ይላል፣ ያ ያልተጠቀሙበት እቃ ስለሆነ ቀረጥ ያስከፍላል። የእርስዎ ጌጥ ስንት ሰርግ ያየ ስለሆነ አያሳስብም። አንድ እቃ ለብቻው ከ10,000 የካናዳ ዶላር በላይ ካወጣ ደሞ የሚከፈለው ከዛ በላይ ባለው ላይ ብቻ ነው፣ ግማሽ ዋጋ የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ይልቅ ዋናው ነገር ዝርዝሩ ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሁለት ሊስት አውጡ፣ አንዱ አብሯችሁ የሚሄደው፣ አንዱ በኋላ የሚላክላችሁ። ለሁሉም ግምት ዋጋ ጻፉ፣ ማርክና ሞዴል ካለውም እሱን። ለጌጥ «አምባር» ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጻፍ፣ ፎቶም ይነሳ። ቢኤስኤፍ 186 የሚባል ፎርም አላቸው፣ ቀደም ብለው የሄዱት ቢ 4 ይሉታል፣ እሱ ላይ ነው የሚሰፍረው። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ደሞ መጀመሪያ ካናዳን በረገጡበት ኤርፖርት ነው፣ ቶሮንቶ ካረፋችሁ ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን ስደርስ እጨርሰዋለሁ ብሎ ማለፍ የለም። ያን ቀን በእጃችሁ ምንም ባይኖር እንኳ በኋላ የሚመጣውን ሊስት አስይዙ፣ ማህተም ያለበትን ኮፒ ደሞ እንደ ፓስፖርታችሁ ጠብቁት፣ ያልተመዘገበ እቃ ከዓመት በኋላ ቢመጣ የኔ የድሮ ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ያለቀረጥ የገባ እቃ በ12 ወር ውስጥ ከተሸጠ ወይ ለሌላ ከተሰጠ ቀረጡ ይመጣል፣ እና ለልጅ ልጅ አምባር መስጠት ካሰቡ ዓመቱን ይታገሱ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ ችግሩ መግቢያው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው። በእጅ የተጻፈው ቁርኣን በኛ ሕግ ቅርስ ሊባል ይችላል፣ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ 209 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ የቤተሰብ ውርስ ነው ማለት አያድንም። ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳይታችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ካልያዛችሁ ቦሌ ላይ እንዳትሞክሩት። የኔን ካላችሁኝ እዚሁ ይቅር፣ ጀጎል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም አለላችሁ፣ እንዲህ ያሉ የብራናና የወረቀት ጽሑፎች ተጠብቀው የሚቀመጡበት ቤት ነው፣ ፎቶውን አንስታችሁ ለልጆቹ ውሰዱላቸው። ስፌቶቹ አዲስ ከሆኑ ችግር የለም፣ ያረጁትን ግን አብራችሁ አሳዩ። ካናዳ ስትገቡ ደሞ የሳር ሥራ ነው ብላችሁ ተናገሩ፣ አፈርና ነፍሳት እንዳይኖርበት ቀድሞ ይራገፍ። የዝሆን ጥርሱን አምባር ለእህትዎ ይስጡት በቃ፣ የሳይተስ ፈቃድ (ሊጠፉ በተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ አገሮች የተስማሙበት ውል ነው) ካልተያዘለት በሁለቱም አገር ያስጠይቃል፣ ለአንድ አምባር ያ ሁሉ እንግልት አይገባም።

ፍሪጅ፣ ቲቪና ምጣዱ ይሸጡ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የነሱ የግድግዳ ሶኬት 120፣ ምጣድዎ እዛ ቢሰካ ከጉልበቱ ሲሶውን እንኳ አያገኝም፣ እንጀራው አይን አያወጣም። ቀረጥ ባይኖረውም የማጓጓዣው ሂሳብ ከእቃው ዋጋ ይበልጣል።

ሳልረሳ፣ ቋንጣ አይያዝ። ጫትም ካናዳ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፣ አወዳይ በየመንገዱ የሚሸጥ ነገር ምን ችግር አለው የሚል ዘመድ አንዲት እስር ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይከታት፣ ሻንጣውን ራሳችሁ እሰሩ። ሁለታችሁ የያዛችሁት ጥሬ ገንዘብ ደሞ በነፍስ ወከፍ 10,000 የካናዳ ዶላር ከሞላ ይነገራል፣ መናገር እንጂ ቀረጥ የለውም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ነኝ፣ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ። ልጄ ፈረንሳይ ሊወስደኝ ነው። ፔጆ 404 አለችኝ፣ ከባቡሩ በኋላ ታክሲ የሠራሁባት። በጅቡቲ አድርጌ ልውሰዳት? ልጄ ይስቅብኛል።
ጡረተኛው፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ አይሳቅ፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከኅብረቱ ውጪ ቢያንስ 12 ወር ኖሮ መኖሪያውን ለሚያዛውር ሰው ቢያንስ 6 ወር የተገለገለበትን እቃ ከነመኪናው ያለቀረጥና ያለቫት ያስገባለታል፣ ከገባ በ12 ወር ውስጥ ካስመጣውና ለ12 ወር ካልሸጠው። ለቤት እቃዎ ይሄ በቂ ነው፣ ዋጋ ያለበት የተፈረመ ዝርዝር ያዘጋጁ። ለንግድ የዋለ መኪና ግን ከዚህ ነፃነት ውጪ ነው፣ እና ሊብሬዋ ላይ ታክሲ የሚል ካለ በዚህ በር አትገባም።

ሌላ በር ግን አለ። 30 ዓመት ያለፋት፣ መመረት ያቆመች፣ እንደተሠራች ያለች መኪና እንደ ታሪካዊ እቃ ልትታይ ትችላለች፣ ያኔ የመኪናው 10 በመቶ ቀረጥ ይቀራል፣ ቫቱም ከተለመደው 20 በመቶ በብዙ ያንሳል። እድሜዋ ያደርሳታል፣ ጥያቄው «እንደተሠራች ያለች» የሚለው ነው። የድሬ ታክሲ መቼም ሞተሩ ከአንዱ መሪው ከአንዱ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ከጋራዥ ሰው ጋር ይዩት፣ ሞተሯ የራሷ ከሆነ ፎቶ አንስተው ለልጅዎ ይላኩለትና እዛው ያለውን ጉምሩክ ይጠይቅ፣ የቶዮታ ከሆነ ግን ለሰፈር ልጅ ይሽጧት።