«ያርን»ም ክር፣ «ትሬድ»ም ክር

ልጆቼ፣

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ልጅ «ያርን እና ትሬድ ሁለቱም ክር አይደሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝና የቆየ ጸጸት ቀሰቀሰችብኝ። ያርን ለሽመና፣ ትሬድ ለስፌት የሚውል ክር ነው። ለሽመና ክር በተጻፈ የግዥ ወረቀት ላይ «ትሬድ» የሚለውን ቃል አይቼ ዝም ብያለሁ። የመጣው የስፌት ክር ነበር። ድሩ ሲሸመን እንዳይበጠስ ስታርች ሲቀባ አልይዝ አለ፤ የተሸመነው ጥቂት ጨርቅም ቀለም ቤት ገብቶ ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ቅባቱ ነው። መርፌ በፍጥነት ሲሠራ ስለሚግል የስፌት ክር በሲሊኮን ወይም በሰም ይለሰልሳል፤ ያ ቅባት ስታርችንም ቀለምንም ይገፋል።

ተቃራኒውም፣ ያርንን ለስፌት ማዋል፣ ያከስራል። ስፌት መኪና ላይ አንዱ የክር ክፍል ስፌት ውስጥ እስኪገባ ድረስ በመርፌው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ነጠላ ያርን በዚህ መሀል ይላላል፣ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ትሬድ ሁለት ወይም ሦስት ክር አብሮ ተገምዶ ይሠራል፤ የመጨረሻው ግምድም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዜድ አቅጣጫ ነው (ጥምዝምዙ እንደ Z ፊደል መሀል መስመር ያጋድላል)፣ የተለመደው መኪና ተቃራኒውን የኤስ ግምድ ስለሚፈታ።

ጫፉን ፍቱና ቁጠሩ፦ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ትሬድ ነው። እዚህ ላይ ግን ራሴን ላርም፤ 40/2 የሚባለው፣ ማለትም ሁለት ቁጥር 40 ክር አብሮ የተገመደው የሽመና ያርንም ሁለት ነው። መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ቅባት እንዳለው በጣታችሁ ዳስሱት፣ ክሩ በተጠቀለለበት ኮን ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። «ቲኬት 120» ካለ የስፌት ነው፤ ቲኬት የስፌት ክር የውፍረት ቁጥር ነው።

ቁጥሩንም እወቁ። በእንግሊዝ የጥጥ ቁጥር 20 ማለት 454 ግራም ክር 20 ጊዜ 768 ሜትር፣ ማለትም 15,360 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። ቴክስ በሚባለው ሌላ መለኪያ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የ1,000 ሜትር ክብደት በግራም ስለሚለካ ቁጥር 20 ወደ 29.5 ቴክስ ይመጣል። 40/2 ሲገመድ ውፍረቱ ከነጠላ 20 ጋር ይቀራረባል።

ዛሬ ስልካችሁ ሁለቱንም «ክር» ብሎ ሲተረጉምላችሁ ታምኑታላችሁ፣ ይህ ያሳስበኛል። የእኛ ሸማኔ እኮ ድርን ከማግ አይቀላቅልም፦ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ እናቶች በእንዝርት የፈተሉት።

ግዥ ስትጽፉ እንዲህ ይሁን፦ «የሽመና ያርን፣ ለድር፣ 100 ፐርሰንት ጥጥ፣ ቁጥር 20፣ ነጠላ፣ ዜድ ግምድ፣ ቅባት ያልነካው፣ በኮን የተጠቀለለ»።