ደም ያስፈራኛል፤ አዋላጅ መሆን እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ሚድዋይፍ መሆን እመኛለሁ፤ ደም ግን ያስፈራኛል። እርስዎ ለምን መረጡት?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። አክስቴ እቤቷ ወለደች። ሕፃኑ በደህና መጣ፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። በጀልባ ባሕር ዳር አድርሰናት ለጥቂት ተረፈች። ያን ቀን ወሰንኩ።

ደም እኔንም ያስፈራኝ ነበር። የሚደረገውን ስታውቂ ግን እጅሽ ይረጋጋል። ልጁ እንደተወለደ፣ ማህፀን ውስጥ ሌላ ልጅ አለመኖሩን ታረጋግጫለሽ። ከዚያ ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለውን መድኃኒት 10 ዩኒት እናቲቱ ጡንቻ ላይ ትወጊያለሽ። ማህፀኑ ይኮማተራል፣ የደም መፍሰሱም ይቀንሳል። አክስቴ ያጣችው ይህቺን አንዲት መርፌ ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሌሊት ተረኝነቱ ይከብዳል፣ አልደብቅሽም። ለአሁኑ ባዮሎጂሽን ጠበቅ አድርጊ።