ራም ከመግዛትዎ በፊት ኤችቶፕን ይጫኑ

ሰላም ወንድሜ፤ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች አንዱ) የተጫነበት ባለ 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ዴስክቶፕዎ ሰነድ ሲከፍቱም ሲያስቀምጡም ድርቅ ብሎ እየቆመ አስቸግሮዎታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚያሳየውን ኤችቶፕን ለመጫን ሲሞክሩ «ፓኬጁ (የሚጫነው ሶፍትዌር) አልተገኘም» ብሎ መለሰልዎት፤ አሁን ተጨማሪ ራም ለመግዛት አስበዋል። እባክዎ ገንዘቡን ለጊዜው ያቆዩት። እኔም ልገዛ ተነሥቼ ነበር።

መጀመሪያ መጫኑን እንጨርስ። ኮምፒውተሩ የትኛው ሶፍትዌር ከየት እንደሚወርድ የሚያውቀው በውስጡ ከያዘው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ካልታደሰ ያለውን ነገር የለም ሊል ይችላል። ኮንትሮል፣ አልት እና ቲ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ተርሚናሉን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ይክፈቱና «ሱዶ አፕት አፕዴት» (sudo apt update) ብለው ይጻፉ፤ ሲያበቃ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤችቶፕ» (sudo apt install htop) ይበሉ። ትእዛዙ ሁሉ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። ይለፍ ቃል ሲጠይቅዎት የሚጽፉት አይታይም፤ አይደናገጡ፣ ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ኤችቶፕ ራሱ ከግማሽ ሜጋባይት ያነሰ ስለሆነ በስልክ ኢንተርኔትም በቀላሉ ይወርዳል፤ የበለጠ ዳታ የሚወስደው ዝርዝሩን ማደሱ ነው።

ፓኬጆቹ በሌላ ፕሮግራም ተቆልፈዋል የሚል መልእክት ከመጣ ኮምፒውተሩ ከበስተጀርባ ራሱን እያደሰ ነው። የመቆለፊያውን ፋይል አጥፉት የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ አይስሟቸው። እድሳቱ በመሐል ከተቋረጠ ጣጣው ብዙ ነው። ጥቂት ደቂቃ ታግሠው እንደገና ይሞክሩ።

አሁን እዚያው ተርሚናል ላይ «ኤችቶፕ» (htop) ብለው ይክፈቱት። ከላይ የፕሮሰሰሩ አሞሌዎች፣ ከእነርሱ ጋር የራሙና የስዋፑ (ራም ሲያንስ በምትኩ የሚያገለግለው የዲስክ ቦታ) አሉ። በራሙ አሞሌ ላይ ፕሮግራሞች በትክክል የያዙት አረንጓዴው ነው። ቢጫው ሊኑክስ ፋይሎችን ቶሎ ለማግኘት ለጊዜው ያስቀመጠው ሲሆን ሌላ ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቀዋል። ብዙ ሰው ቢጫውን አይቶ ራሜ ሞላ ይላል፤ አልሞላም። አረንጓዴው እስከ ጫፍ ደርሶ ስዋፑም እየጨመረ ከሄደ ግን እውነትም ራም አንሶዎታል።

የእኔን ልንገርዎት። የምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ልክ እንደ እርስዎ ያደርግ ነበር። ደንበኛ ማመልከቻውን አጽፎ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሰነዱን አስቀምጥ ስለው ማውዙ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ሁሉ ዝም። ጥገና የሚሠራ ሰው ራም ጨምር አለኝ። ከመግዛቴ በፊት ኤችቶፕን ከፍቼ ሰነድ አስቀመጥኩ። አራቱም የፕሮሰሰር አሞሌዎች ባዶ ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ራሙም ግማሽ አልደረሰም። «ሎድ አቨሬጅ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ግን የመጀመሪያው ቁጥር ከ6 በላይ ነበር። ሦስቱ ቁጥሮች ያለፉትን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃዎች አማካይ ጫና ያሳያሉ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ጫናው እንዴት 6 ይሆናል?

መልሱ ከታች በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። «ኤስ» (S) የሚል ርእስ ያለው ጠባብ ዓምድ አለ፤ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ሁኔታ በአንድ ፊደል ይነግራል። ሰነድ በምጽፍበት ፕሮግራም በሊብሬ ኦፊስ መስመር ላይ «ዲ» (D) የሚለው ፊደል ተተክሎ አልነቃነቅም አለ። «ዲ» ማለት ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከዲስክ መልስ እየጠበቀ ነው፤ ሊኑክስም እንዲህ የሚጠብቁትን ከጫናው ጋር ይቆጥራቸዋል። ጆሮዬን ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ሳስጠጋ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ኡቡንቱ ላይ «ዲስክስ» በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት ስመለከት የተበላሹ ክፍሎች እንዳሉት አየሁ። በዚያው ዕለት የደንበኞችን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ከዚያ የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ተካሁት። ራሙ እስከ ዛሬ ያው 4 ጊጋባይት ነው፤ ሰነድም ወዲያው ይቀመጣል።

ስለዚህ እርስዎም ኮምፒውተሩ ድርቅ በሚልበት ሰዓት ይመልከቱት፤ ደህና ሲሆን ማየቱ ብዙም አይጠቅምም። ትልቁን ኤም ሲጫኑ ብዙ ራም የያዘው፣ ትልቁን ፒ ሲጫኑ ፕሮሰሰሩን የሚያደክመው ወደ ላይ ይወጣል። ኤፍ 9 ፕሮግራም ማስቆሚያ ነው፤ ሲከፈት የሚመርጥልዎት 15 ቁጥር ምልክት ፕሮግራሙን በሥርዓት እንዲዘጋ ይጠይቀዋል። 9 ቁጥር ያለ ማስጠንቀቂያ ይገድለዋል፤ ያልተቀመጠ ሰነድ ካለዎት አይንኩት። ለመውጣት ኤፍ 10 ሲጫኑ የተርሚናሉ ምናሌ ከተከፈተብዎት ትንሿን ኪው ይጠቀሙ።

ሦስቱን የጫና ቁጥሮች፣ የስዋፑን መጠንና «ዲ» የተጻፈበት መስመር ካለ እርሱን ጽፈው ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ድረስ ግን አስፈላጊ ፋይሎችዎን ዛሬውኑ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።