በባሕር ላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ለምትሠሩ ወገኖች፦ ስለ ሰብመርሲብል ፓምፕ

በባሕር ላይ የነዳጅና የጋዝ ሥራ ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም በኤሌክትሪክና በሜካኒክ ሙያችሁ ወደዚያ ለመግባት የምትዘጋጁ ወገኖች፣ የትኛው ሰብመርሲብል ፓምፕ (ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ በኤሌክትሪክ ሞተር ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ) አስተማማኝ እንደሆነ ስትጠየቁ በአምራቹ ስም አትጀምሩ፤ በጉድጓዱ ጀምሩ። የአርመን ተወላጁ አርማይስ አሩቱኖፍ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ፣ ካንዛስ ውስጥ ሥራ ላይ ካዋለው ወዲህ የመሣሪያው አቀማመጥ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ሞተሩ ከታች፣ የሞተሩን ዘይት ከጉድጓዱ ፈሳሽ የሚለየው መከላከያ በላዩ፣ ቀጥሎ ፈሳሹ የሚገባበት ክፍል፣ ከዚያም በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ኢምፔለሮች፣ ማለትም እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፉት ክፍሎች ናቸው።

በባሕር ላይ የተበላሸውን ፓምፕ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሪግ (ዕቃ ወደ ጉድጓድ የሚያወርድና የሚያወጣ ማማ) ወይም መርከብ የሚጠይቀው ወጪ የፓምፑን ዋጋ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ሪጉ እስኪደርስም ጉድጓዱ ያለ ምርት ይቆያል። ስለዚህ በርካሽ ዋጋ የሚያግባባችሁን ሻጭ፣ ፓምፑ የእናንተን በሚመስል ጉድጓድ ውስጥ ሳይወጣ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ በሰነድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ፈሳሽ ነው። ጋዝ ኢምፔለሮቹን ሲሞላ ፓምፑ መግፋት ያቅተዋል፤ ፍሰቱ ሲቆምም ሞተሩ በገዛ ሙቀቱ ይጎዳል። አሸዋ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚገድል ነው፦ ኩሽኔታዎቹን ይበላል፣ ዘንጉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ንዝረቱ የመከላከያውን ማኅተም ያላላል፣ በዚያም ውሃ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። ሪፖርቱ «ሞተር ተቃጥሏል» ብሎ ቢዘጋም ጥፋቱ የጀመረው ከአሸዋው ነውና፣ እንዲህ ያለውን ሪፖርት ሳትመረምሩ አትፈርሙ።

ብዙ ፓምፕ ግን ገና ሲወርድ ይበላሻል። ኬብሉ ይላጣል፣ መጋጠሚያው በችኮላ ይሠራል። ኬብሉን በየርቀቱ በሜገር (የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን ደህና መሆኑን በሚለካ መሣሪያ) እየለካችሁ ንባቡ ከወረደ፣ አለቃችሁ ቢቆጣም ሥራውን አስቁሙ። ፓምፑ በድንገት ሲቆም ደግሞ ወዲያው አታስነሡት፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ፈሳሽ ዘንጉን በተቃራኒ እያዞረው ሳለ ኃይል ከተሰጠው ዘንጉ ሊሰበር ይችላል።

ወጥቶ የመጣ ፓምፕ ሲፈታ ለመገኘት ፈቃድ ጠይቁ፤ ይህን ዕድል የሚጠይቅ ባለሙያ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ለዚሁ ምርመራ ያወጣው 11ኤስ1 የተሰኘ መመሪያ አለ፤ እሱን አንብባችሁ ግቡ። በቅድሚያ የመከላከያውን ዘይት እዩ፤ ውሃ ገብቶበት ከሆነ ከላይኛው ክፍል ጀምሮ እስከየትኛው ክፍል እንደወረደ መዝግቡ።